ወደ ድስት የተመለሰው ቁርስ

ልደታ ኮንዶሚኒየም እኛ ብሎክ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ እኔን የሚያውቀኝ በጭንቀቴ ነው። በሩን ቆልፌ ደረጃውን ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን ነቅነቅ አደርጋለሁ። ከዚያ ደግሞ ምድጃው ትዝ ይለኛል፤ እንደገና እወጣለሁ። ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው የወሎው ሰው ጋሽ ሰይድ ስወጣ ስወርድ እያዩኝ፣ «የሶሊ እናት፣ በሩን ራሱን ነቅለሽ ይዘሽው ብትሄጂ አይሻልም?» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ መመለሴን ግን አልተውም።

ጭንቀት ቀድሞም ነበረብኝ። የባሰብኝ ግን ልጄ ሶልያና ከታመመች ወዲህ ነው። ስኳር የትልልቅ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውሃ ውሃ እያለች፣ እየከሳች፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት እየቀሰቀሳት ሐኪም ቤት ስወስዳት «ስኳር ነው» ሲሉኝ፣ የተሳሳቱ መስሎኝ የሌላ ሰው ካርድ እንዳይሆን አየሁት። የልጄ ስም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ የኢንሱሊን መርፌ ትወጋለች። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ነርሷ ያስተማረችኝን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። «መርፌው ከገባ ምግብ ግዴታ ነው» ነበር ያለችኝ። «ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ ይወርዳል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የማይገናኝ ነገር ታወራለች። ዝም ብለሽ ካየሻት ራሷን ትስታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አልነግርሽም።»

ስለዚህ ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ። የትምህርት ቤት መምህሯ ያውቃሉ፣ ጋሽ ሰይድ ያውቃሉ፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ፈቃደም ያውቃሉ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዎች ግን አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይመጣባታል ብዬ ነው።

ጸሎቴም በዚያን ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህን መርፌ ከቤቴ አውጣልኝ። ሰው ሰላም ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ያ ግን ከአፌ ነው። ልቤ «ምን በድዬህ ነው?» እያለ ነበር የሚኖረው፤ ሌሊት ብቻዬን ስጸልይም ያው ያመልጠኝ ነበር።

እንግዲህ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆች ጾም መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ምንም ሳይቀምስ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ይቆርባል። ሶሊ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከእኛ ፎቅ በታች የምትኖረው ጓደኛዋ ኤደን በየቀኑ ትሄዳለች። ሶሊም ልጹም፣ ልቁረብ ብላ አስጨነቀችኝ። መምሬ ፈቃደ ዘንድ ወሰድኳት።

«ልጄ» አሏት መስቀላቸውን አሳልመው፣ «ለአንቺ ምግብሽ መድኃኒትሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ጹሚ አትልም። ቁርባኑን ደግሞ እናትሽ ሐኪምሽን ትጠይቅና በሥርዓት እናደርገዋለን። እስከዚያ ቁርስሽን ብይ። እሺ?»

«እሺ አባ» አለች። እሺ ስትል መሬት መሬት ታይ ነበር። የሐኪም ቀጠሮዋ ከፍልሰታ በኋላ ስለነበር፣ ይደርሳል ብዬ ተውኩት።

ጾሙ ሲጋመስ ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም አላባራም። መርፌዋን ወጋኋት፣ ፍርፍሯን በሳህን አቀረብኩላት። ቃሪያ ስለማትወድ አንድ በአንድ ለቅሜ ነው የማወጣላት። ገና መብላት ሳትጀምር ደረጃው ላይ «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው፤ እኛ ፎቅ ድረስ ደግሞ ጉልበት የለውም፤ ጀሪካን ይዞ ወደ ታች መሮጥ ነው። «ብይ፣ መጣሁ» ብያት ወጣሁ።

ቀድቼ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ባዶ ብቻ አይደለም፤ ታጥቦ ተገልብጧል። ደስ አለኝ። እሷም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ኤደን እየጠበቀችኝ ነው።»

«ለማስቀደስ ብቻ አይደል?»

«ልጆቹን ላያቸው ነው» አለችና ሳመችኝ። ጃንጥላ ሰጠኋት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ዳር ዳሩን ሂዱ፣ የተቆፈረው ጋ እንዳትደርሱ» እያልኩ እስኪጠፉ ድረስ ጮኽኩ። ኤደን ዞር ብላ «እሺ፣ ገባን!» አለችኝ። ያቺ ልጅ ምላስ አላት።

እኔ ምስር ለቀማ ላይ ተቀመጥኩ። ባልትና እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ፤ ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው። ቀትር ሲሆን ለሶሊ ምሳ ላሞቅላት ብዬ ምድጃውን ለኮስኩና የድስቱን ክዳን አነሣሁ።

ድስቱ ሞልቷል።

ጠዋት ቧጥጬ ነው ያወጣሁላት፤ ድስቱ ሥር የቀረው ለአንድ ጉርሻ አይሆንም ነበር። አሁን ግን ፍርፍሩ ድስቱ ውስጥ ክምር ብሏል። ቃሪያ የሌለበት ፍርፍር። ክዳኑን ይዤ ቆምኩ። ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። ከረሜላው ያለበት ቦርሳዋ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው።

ልጄ ቁርሷን ወደ ድስቱ መልሳ፣ ሳህኑን አጥባ፣ ልትቆርብ ሄዳለች። ከትናንት እራት ወዲህ አፏ ምንም አልገባም። መርፌው ግን ገብቷል። የወጋኋትም እኔ ነኝ።

ምድጃውን ማጥፋቴን አላስታውስም፤ ጠፍቶ ነው የተገኘው። ቦርሳውን ነጥቄ በቤት ቀሚሴ፣ በላስቲክ ነጠላ ጫማዬ፣ ፀጉሬን እንኳ ሳላስር ደረጃውን ወረድኩ። በሩን አልቆለፍኩም። አልዘጋሁትምም።

ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው ውስጥ አዩኝ። «አንቺ፣ ምን ሆነሻል?»

«ሶሊ መርፌ ተወግታ ሳትበላ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ከመደርደሪያው ማር አወረዱ፣ የካርቶን ጭማቂ አነሡ፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። አንዲት ሴት ባንኮኒው ጋ ቆማለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሱቁን ጠብቂልኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሳሙና ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«እየገዛሽ ጠብቂ።»

አሮጌዋ ቪትዛቸው ውስጥ በካርቶኖች መሀል ተጨናንቄ ገባሁ። ዋይፐሩ በእኔ በኩል አይሠራም። ብዙም ሳንሄድ መንገዱ ተዘጋ፤ አስፋልቱ ተቆፍሯል፣ ታክሲው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል፣ አንድ የጭነት መኪና ተጋድሞ ይዞራል። ጋሽ ሰይድ መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ውረጂ። በእግርሽ ትቀድሚኛለሽ። እኔ ዞሬ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ።»

ወረድኩ። ማሩንና ጭማቂውን ቦርሳው ውስጥ እየከተትኩ ስሮጥ ከኋላዬ «አላህ ይቅደምልሽ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጭቃው አንዱን ጫማዬን ዋጠው። ሌላውንም እኔው ጣልኩት።

የደብሩ ቅጥር ግቢ ደረስኩ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ ብቻ ነው። ግቢውን የሞላው ልጅ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ሁሉም ጃንጥላ ይዟል። ቁርባኑ ተጀምሯል። የቆረበ ልጅ ደግሞ አፉን በነጠላው ሸፍኖ፣ ሳያወራ ነው የሚቆመው። እናንተም የምታውቁት ሥርዓት ነው፤ እኔም ሁልጊዜ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አስፈራኝ። ከዚህ ሁሉ ዓይኑ ብቻ ከሚታይ፣ ዝም ካለ ልጅ መሀል የእኔዋ የትኛዋ ናት? ዝም ያለችው ስለቆረበች ነው ወይስ ራሷን ስለሳተች?

ወደ ሴቶች መግቢያ ስሮጥ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተናባሪ እጇን ዘርግታ አቆመችኝ።

«እኅቴ፣ ነጠላ የለሽም። ደግሞ ሰልፍ አለ።»

«ልጄን ፈልጌ ነው።»

«ሁሉም ልጅ ሰላም ነው፣ ከቁርባን በኋላ ታገኛታለሽ። እባክሽ ቅዳሴ ላይ ነን።»

አጠገቧ የቆሙ አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩኝና ለጎረቤታቸው፣ «ይኸው፣ አርፍዳ መጥታ ለመቁረብ ግን ቀዳሚ ልትሆን ነው» አሉ፤ በሹክሹክታ፣ ግን እንድሰማው አድርገው።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እማማ፣ ልጄ የስኳር ታማሚ ናት። መርፌ ተወግታ ምግብ አልበላችም። አሁን ካላገኘኋት ትሞትብኛለች።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት። አሮጊቷ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የደረቡትን ነጠላ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና አስተናባሪዋን በመቋሚያቸው ገፋ አደረጓት። «ልቀቂያት። አንቺም አብረሽ ፈልጊ እንጂ።»

ስንፈልግ ኤደንን አገኘኋት። በዓይኗ ነው የለየኋት። አፏን ሸፍና ከግንቡ ጥግ ቆማለች።

«ኤደን፣ ሶሊ የት አለች?»

ራሷን ነቀነቀች። ቆርባለች፤ አትናገርም።

«የኔ እናት፣ ዛሬ ብቻ ተናገሪ። ሶሊ የት ነው ያለችው?»

በዓይኗ አስተናባሪዋን አየች፣ እኔን አየች። እምባዋ ቀረረ። ያቺ ምላሰኛ ልጅ ያን ቀን መናገር ከሞት ከበዳት። እጇን ብቻ ዘርግታ ወደ ድንኳኑ ጠቆመች። የልጆቹ ሰልፍ ረጅም ስለነበር ዝናቡ እንዳይመታቸው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንኳን ተተክሎላቸው ነበር። አስተናባሪዋ ጎንበስ ብላ፣ «ተናገሪ፣ ግድ የለም፣ ኃጢአት አይሆንብሽም» ስትላት ነጠላዋን ዝቅ አደረገች።

«ወረፋው ላይ ከኋላዬ ነበረች። እግሬ ዛለ ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ስጠራት አትሰማኝም። ሰዎቹ መጥተው ያዟት።»

«ምን ብለው?»

«መንፈስ ነው ብለው።»

ድንኳኑ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሰው ከቦ ቆሟል። መሀል ላይ ልጄ። ሁለት ሴቶች ክንዷን ግራና ቀኝ ይዘዋታል፣ አንድ ወጣት ጸበል ይረጫታል። ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ ላይ ያለው ጸበሉ ይሁን ላቧ አይለይም። «አውቶቡሱ ሄደ... ደብተሬን ስጡኝ...» ትላለች። አንደኛዋ ሴት፣ «ማን ነህ? ተናገር! ወደ ሥጋ ወደሙ ልትቀርብ ስትል ነው አላስችል ያለህ?» ትላለች። አትፍረዱባት። ክፋት የለባትም። ልጅ ለቁርባን ተሰልፋ በድንገት ስትንቀጠቀጥና ስትለፈልፍ ያየ፣ እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ ሌላ ምን ይላል? ባላውቅ ኖሮ እኔም እንደዚያው እል ነበር።

እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እግሬን ቢረግጡኝ እንኳ ይቅርታ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ጮኽኩ።

«ልቀቋት! መንፈስ አይደለም። ስኳሯ ወርዶ ነው። እናቷ ነኝ።»

ቅዳሴው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ክንዷን የያዘችው ሴት፣ «እኅቴ፣ እናት ስትሆኚ አይታይሽም፣ እንዲህ ያለውን እኛ ብዙ አይተናል» አለችኝ።

«ጠዋት መርፌውን የወጋኋት እኔ ነኝ። ጸበሉ አይቅርባት፣ አምንበታለሁ። አሁን ግን ማር ነው የሚያስፈልጋት።»

ለቀቋት። ጭቃው ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ሰውነቷ በረዶ ሆኗል። የማሩን ክዳን በጥርሴ ከፈትኩ፣ በጣቴ ዝቄ ወደ አፏ ሳስጠጋ ጥርሷን ነከሰች።

«ሶሊ፣ ክፈቺ።»

ዓይኗ ግማሹ ነጭ ሆኗል፤ እኔን ማየቷን እንጃ። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «አልቆረብኩም...»

«በኋላ ትቆርቢያለሽ የኔ ዓለም፣ ክፈቺ።»

«እማዬ... እንዳታስገድፊኝ።»

ከንፈሯ ላይ የቀባሁትን ማር በነጠላዋ ጠረገችው። አቅም የላትም፣ ግን ጠረገችው። ራሷን የማታውቅ ልጅ ጾሟን ታውቃለች። እኔ ደግሞ ጣቴን በግድ ላስገባ ስል ፊቷን ታዞራለች፣ ጥርሷን ታጠብቃለች፣ ጉልበቷ ደግሞ እያለቀ ነው። ነርሷ ያልነገረችኝ ያ «ከዚያ በኋላ ያለው» እጄ ላይ እየመጣ መሆኑ ታወቀኝ። ቀና ብዬ፣ «መምሬ ፈቃደን ጥሩልኝ» አልኩ። ከሰው ሁሉ ቀድማ የሮጠችው ያቺ «ማን ነህ?» ስትል የነበረችው ሴት ናት። ነጠላዋ ከኋላዋ እየተንሳፈፈ ስትሮጥ አሁንም ይታየኛል።

መምሬ ፈቃደ የዚያን ዕለት ቅዳሴ አልገቡም ነበር፤ ሕዝቡን ሲያስተናግዱ ነው ያገኘቻቸው። መጡ። ጃንጥላቸውን ጥለው እርጥቡ ላይ ተንበረከኩ። አልጮኹም፣ አልቸኮሉም።

«ሶልያና።»

ዝም።

«ሶልያና፣ ማን ነው የሚያናግርሽ?»

«አባ...» አለች።

«አባ ጠጪ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ወረፋዬ... ያልፈኛል።»

«አያልፍሽም» አሏት። «ወረፋሽን እኔ ይዤልሻለሁ። አንቺ ጠጪ።»

ጥርሷ ላላ።

ጣቴን አስገብቼ ድዷንና ጉንጯን በማር ቀባኋት። ዋጠች። ደግሜ ቀባኋት። ደግማ ዋጠች። መዋጥ ስትጀምር ጭማቂውን በጥቂት በጥቂት። ከውስጥ የዲያቆኑ ዜማ ይሰማል፣ ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ አሮጊቷ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ። እኔ የምጸልየው ጠፍቶኛል። ስሟን ብቻ እጠራለሁ።

ቀስ በቀስ መንቀጥቀጧ ቀነሰ። እጇ ሙቀት ገባው። ዓይኗ ዞር ዞር አለና እኔ ላይ አረፈ። ፀጉሬን አየች፣ ቀሚሴን አየች፣ ባዶ እግሬን አየች።

«እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሆነሽ ነው የመጣሽው?»

አሮጊቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ተመስገን፣ እናቷን መገሠጽ ጀመረች። ድናለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። መምሬ ፈቃደ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ «ስሚኝ ልጄ፤ ወደ እሱ ለመድረስ ሞትን መጋፋት የለብሽም። እሱ ራሱ ወደ ታመመ ሰው የሚመጣ ጌታ ነው» አሏት። ይህን ለእሷ ነው ያሉት። የገባው ግን እኔ ልብ ውስጥ ነው።

ጋሽ ሰይድ እንዳሉት በሩ ጋ መኪናቸውን አዙረው ቆመዋል። ሶሊን በእግሯ ስትመጣ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እምባቸውን እንዳናይ ነው። ከዚያ ትኩስ ዳቦ ከወረቀት አወጡ። «በይ፣ ቁርስሽንም ምሳሽንም አንድ ላይ ብይልኝ። ዕዳ አለብሽ።» እየበላች ጤና ጣቢያ ወሰዱን። ተለካች፤ ስኳሯ ተመልሷል። ቤት ስንገባ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አንድ ዕቃ አልጎደለም።

ወደ ማታ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መቆጣት አልቻልኩም።

«ለምን ወደ ድስቱ መለስሽው?»

«ምግብ መጣል ነውር ነው ስትዪ አይደል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችው። «ሁሉም ልጅ ይቆርባል። እኔ ብቻ ዳር ቆሜ አያለሁ። እግዚአብሔር ያልፈለገኝ መሰለኝ።»

«እንዴት እንዲህ ታስቢያለሽ?»

«አንቺስ? ስትጸልዪ እሰማሻለሁ። ‹ምን በድዬህ ነው ይህን የሰጠኸኝ› ትያለሽ። እኔ ቅጣት ነኝ እንዴ?»

አንባቢዎቼ፣ ድንኳኑ ሥር ልጄ ጭኔ ላይ ስትቀዘቅዝ የተሰማኝን ነግሬያችኋለሁ። ይህ ግን ከዚያ የባሰ ነበር። እኔ ለእግዚአብሔር ብቻ የነገርኩት የመሰለኝን ምሬት ልጄ በየሌሊቱ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ትቀበለው ነበር። መርፌውን ስረግም እሷን የረገምኩ ይመስላት ነበር። አቅፌ «አንቺ ስጦታዬ ነሽ» አልኳት። ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ግን ገብቶኛል፤ ጸሎቴ ራሱ መለወጥ ነበረበት። በማግሥቱ ጠዋት መርፌውን አንሥቼ በእሱ ላይ አማተብኩ። «ይህን የሰጠኸን አምላክ ተመስገን። ይህ ባይኖር ልጄ አትኖርም ነበር» አልኩ፤ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ። መጀመሪያ ከአፌ ነበር። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ልቤ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ወስዶበታል። አሁን ግን ገብቷል። መርፌው የመጣው ከእሱ ቁጣ ሳይሆን ከእሱ ምሕረት ነው። እስከዚያ ድረስ ስጦታውን ይዤ በሰጪው ሳጉረመርም ነበር የኖርኩት።

ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዎችም ሄጄ ነገርኳቸው። እዚያው ከወላጆች ፊት አስቆሙኝና ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ መለፍለፉን፣ ማሩን አስረዳኋቸው። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስጨርስ አንዲት እናት ወደ ጥግ ሳበችኝና፣ «የእኔም ልጅ አለበት። ሰው እንዳይጠቋቆምበት ብዬ እስካሁን ደብቄዋለሁ» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ አስተናባሪዎቹ ወሰድኳት። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሕመም ካለ፣ እባካችሁ፣ ለምታምኗቸው ብቻ ሳይሆን ልጁ ለሚውልበት ቦታ ሁሉ ንገሩ። እምነታችሁ ሐኪሙን አይጠላውም፤ ሐኪሙም እምነታችሁን። ፈሪ ሴት ነኝ፣ ዛሬም በሩን ተመልሼ ነቅነቅ አደርጋለሁ። ግን ፍርሃቴ ያላዳነልኝን ልጅ አምላኬ በስንት ሰው እጅ እንዳዳነልኝ አይቻለሁ፤ በባለሱቅ፣ በአሮጊት፣ በሕፃን ምላስ፣ መንፈስ ነው ብላ በጮኸች ሴት እግር።

የመጨረሻውን ነግሬያችሁ ላብቃ። ቀጠሮውን ሳልጠብቅ ሐኪሙን ሄጄ አነጋገርኩ። የመድኃኒቷንና የምግቧን ነገር እሱ አስተካከለ፣ የሥርዓቱን ነገር መምሬ ፈቃደ ለታማሚ እንደሚገባው ፈቀዱ። ፍልሰታ ሳይፈታ ሶሊ ነጭ ለብሳ ሄደች። መምሬ ፈቃደ እጇን ይዘው ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ ከታቀፉት ሕፃናት ቀጥሎ አቆሟት። «ቦታሽ ይኸው» አሏት።

እኔ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ አየኋት። ገባች። ተመልሳ ወጣች። አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ የሚታዩኝ ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ደህና ነሽ፣ አመመሽ፣ አዞረሽ የሚለው ጥያቄ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተደርድሯል።

አልጠየቅኋትም። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም ብለን ትከሻ ለትከሻ ቆምን፤ በሕይወቴ ዝምታ ያላስፈራኝ ያን ቀን ነው።